ስሌት ምስክር ይሻል

በአሁኑ ዘመን ኮምፒዩተር የማያሰላው ነገር ያለ አይመስልም። ነፋስ በአውሮፕላን ክንፍ ላይ እንዴት እንደሚያልፍ፥ ዘይት በቧንቧ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ፥ ደም በልብ ክፍሎች ውስጥ እንዴት እንደሚዘዋወር ሁሉ በስሌት ይተነበያል፤ ውጤቱም በልዩ ልዩ ቀለም ያሸበረቀ ሥዕል ሆኖ ይታያል። ከዚህም የተነሣ «ሁሉን አስልቶ ማወቅ ከተቻለ፥ ለመለኪያ መሣሪያና ለቤተ ሙከራ ያን ያህል ገንዘብ ማውጣት ምን ይጠቅማል?» የሚሉ ሰዎች አሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። መሣሪያው ውድ ነው፤ ሥራው ጊዜ ይወስዳል፤ ሥዕሉ ግን በአንድ ሌሊት ይደርሳል።

እኔ ግን በዚህ አሳብ አልስማማም። ቀላል ለሆነ ፍሰት ስሌት ብቻውን ይበቃ ይሆናል። አስቸጋሪ ለሆነ ፍሰት፥ ይልቁንም የሰው ሕይወት ለተንጠለጠለበት ፍሰት፥ ስሌቱን የሚፈትን ልኬት የግድ ያስፈልጋል። ልኬቱም ፍሰቱን ሳይነካ የሚለካ፥ ማለትም በሌዘር ብርሃን የሚደረግ ሊሆን ይገባል እላለሁ። ምክንያቴን ከማስረዳቴ በፊት ግን አስቸጋሪ ፍሰት ያልሁት ምን እንደ ሆነ ልግለጽ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቡና ሲፈላ ዕጣን የሚጨስበትን ቤት እናስብ። ነፋስ ካልገባና ሰው ካልተመላለሰ፥ ከማጨሻው የሚነሣው ጢስ በመጀመሪያ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ይወጣል። ጥቂት ከፍ ካለ በኋላ ግን ይወላገዳል፤ ይጠቀለላል፤ በመጨረሻም ተበታትኖ ይጠፋል። የታችኛው ክር ወዴት እንደሚሄድ ማንም ሰው መናገር ይችላል። የላይኛው ግን ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት መልክ አይዝም። የመጀመሪያው ረጋ ያለ ፍሰት ይባላል፤ ሁለተኛው ነውጠኛ ፍሰት ነው። ከሁሉ የሚያስቸግረው ደግሞ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሸጋገርበት መካከለኛው ቦታ ነው፤ እጅግ ትንሽ ነገር፥ የበር መከፈት ወይም የአንድ ሰው ትንፋሽ፥ የመሸጋገሪያውን ቦታ ያዛውረዋልና።

ይህን ነገር በሚገባ መርምሮ በቁጥር የገለጸው በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ የምሕንድስና መምህር የነበረው ኦዝቦርን ሬይኖልድስ ነው። ሬይኖልድስ በ1883 ባሳተመው ጥናቱ፥ በመስታወት ቧንቧ ውስጥ በሚሄድ ውኃ መካከል ቀጭን የቀለም ክር እየለቀቀ ያደረገውን ሙከራ ገለጸ። ውኃው ቀስ ብሎ ሲሄድ የቀለሙ ክር ሳይበጠስ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታያል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ግን ክሩ በድንገት ተበጥብጦ ቧንቧውን ይሞላዋል። የውኃው ፍጥነት በቧንቧው ስፋት ተባዝቶ፥ በፈሳሹ ዝልግልግነት ልክ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ዛሬ በስሙ ይጠራል። በተለመደ ቧንቧ ውስጥ ይህ ቁጥር ከ2000 በታች ሲሆን ፍሰቱ ረጋ ያለ ነው፤ ከዚያ ከፍ እያለ ሲሄድ ነውጡ ይጀምራል።

የፈሳሾችን እንቅስቃሴ የሚገዙት ቀመሮች ከ19ኛው ምዕት ዓመት ጀምሮ የታወቁ ናቸው፤ በፈረንሳዊው ናቪዬርና በስቶክስ ስም ይጠራሉ። «ቀመሩ ከታወቀ ምን ቀረ?» ይባል ይሆናል። የቀረው ብዙ ነው። የእነዚህ ቀመሮች መፍትሔ በሁሉም ሁኔታ ሳይቋረጥ መገኘቱን ላረጋገጠ ወይም ሐሰት መሆኑን ላሳየ ሰው፥ ክሌይ የተባለው የሒሳብ ተቋም በ2000 የ1 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት መድቧል፤ ሽልማቱን እስከ ዛሬ የወሰደ የለም። ኮምፒዩተሩም ቢሆን ቀመሩን እንዳለ አይፈታውም። ቦታውን በጣም ብዙ ትናንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ በየክፍሉ ያሰላል። ነውጠኛ ፍሰት ውስጥ ግን ትልቁ አዙሪት ታናሹን፥ ታናሹም ከእርሱ የሚያንሰውን እየወለደ ይሄዳል፤ እጅግ ጥቃቅኑን ሁሉ ለማስላት የሚያስፈልገው ክፍል ከብዛቱ የተነሣ ለአብዛኛው ሥራ የማይቻል ይሆናል። ስለዚህ አስሊው በጥቃቅኖቹ አዙሪቶች ፈንታ «እንዲህ ሳይሆኑ አይቀሩም» የሚል ምትክ ደንብ ያስገባል። ደንቡን የሚመርጠው ኮምፒዩተሩ ሳይሆን ሰው ነው። ያ ያማረ ሥዕል የተፈጥሮ ቃል ብቻ ሳይሆን የአስሊው ግምትም ተቀላቅሎበታል ማለት ነው።

እንግዲህ ግምቱን በልኬት መፈተን ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ፍሰትን መለካት እንጨትን እንደ መለካት አይደለም። ወደ ጅረት ወርዶ ጣቱን ውኃው ውስጥ ያስገባ ሰው፥ ውኃው በጣቱ ግራና ቀኝ ተከፍሎ ከኋላው ሲጠቀለል ያያል። በጣቱ የሚሰማው የጅረቱ ፍሰት ሳይሆን ጣቱ የለወጠው ፍሰት ነው። ፈረንሳዊው አንሪ ፒቶ በ1732 የሴን ወንዝን ፍጥነት የለካበት የታጠፈ ቱቦ ይህ ጉድለት አለበት። በሰፊ ወንዝ ውስጥ ግን ጉዳቱ ኢምንት ነው፤ የፒቶ ቱቦም ዛሬ በአውሮፕላኖች ላይ ተተክሎ በታማኝነት ያገለግላል። ከእርሱ በኋላ የመጣው የጋለ ሽቦ መለኪያ ከሰው ጠጉር በጣም የቀጠነ ሲሆን፥ ነፋሱ ሽቦውን በሚያቀዘቅዝበት መጠን ፍጥነቱን ይናገራል። ግሩም መሣሪያ ነው። ነገር ግን ሽቦው በቀላሉ ይበጠሳል፤ ነፋሱ ከፊት ይምጣ ከኋላ ለይቶ አይናገርም፤ ከአንድ ሚሊሜትር በጠበበ ቀዳዳ ውስጥ ቢገባ ደግሞ ቀዳዳውን ራሱን ይዘጋዋል።

መፍትሔው ከብርሃን ተገኘ። በ1960 አሜሪካዊው ቴዎዶር ሜይማን የመጀመሪያውን ሌዘር ሠራ። የሌዘር ብርሃን አንድ የጠራ ቀለም ብቻ ያለው፥ ሞገዶቹም እንደ ሰልፈኛ እኩል የሚራመዱ ብርሃን ነው። ከአራት ዓመት በኋላ፥ በ1964፥ በኒው ዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ዬህና ከሚንስ ይህን ብርሃን በሚፈስስ ውኃ ላይ አሳርፈው ፍጥነቱን ለኩ። መሠረቱ ክርስቲያን ዶፕለር በ1842 የገለጸው ሕግ ነው፤ እየቀረበ የሚመጣ የመኪና ጡሩምባ ድምፁ ቀጥኖ፥ ሲርቅ ደግሞ ወፍሮ እንደሚሰማ፥ ከሚንቀሳቀስ ቅንጣት ተመልሶ የሚመጣ ብርሃንም ድግግሞሹ በጥቂቱ ይለወጣል።

አሠራሩን በሌላ አገላለጽ ማስረዳት ይቻላል። ከአንድ ሌዘር የወጣ ጨረር ለሁለት ይከፈልና ሁለቱ ጨረሮች በፍሰቱ ውስጥ በአንድ ነጥብ ላይ እንዲተላለፉ ይደረጋል። በተላለፉበት ቦታ ላይ ብርሃንና ጨለማ እየተፈራረቁ እንደ ሸማ ጥለት የተሰለፉ መስመሮች ይፈጠራሉ። በፈሳሹ ውስጥ የተበተነ ጥቃቅን ቅንጣት በዚያ ሲያልፍ በብርሃኑ መስመር ላይ ብልጭ፥ በጨለማው ላይ ድርግም ይላል። በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት 3 ማይክሮሜትር፥ ማለትም የአንድ ሚሊሜትር ሦስት ሺህኛ ቢሆንና፥ የብልጭታው ድግግሞሽ በሴኮንድ 1 ሚሊዮን ጊዜ ቢሆን፥ የቅንጣቱ ፍጥነት በሴኮንድ 3 ሜትር ነው። ከዚህ በላይ ሒሳብ የለበትም። ከአንዱ ጨረር ድግግሞሽ ላይ ጥቂት በመጨመር መስመሮቹ ራሳቸው እንዲጓዙ ከተደረገ ደግሞ፥ ፍሰቱ ወደ ፊት ይሂድ ወደ ኋላ ይመለስ ይታወቃል። በፍሰቱ ውስጥ የገባ ሽቦም ሆነ ቱቦ የለም፤ የገባው ብርሃንና እጅግ ጥቂት ትቢያ ብቻ ነው።

ይህ ዘዴ የአንድን ነጥብ ፍጥነት ይነግረናል። የሙሉውን ገጽ ፍሰት በአንድ ጊዜ ለማየት በ1980ዎቹ የዳበረ ሌላ ዘዴ አለ። የሌዘሩ ጨረር እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ ይዘረጋል፤ ሁለት ጊዜ ብቻ፥ እጅግ በአጭር ጊዜ ልዩነት፥ ብልጭ ይላል፤ ካሜራውም ሁለት ፎቶግራፍ ያነሣል። ቅንጣቶቹ ከመጀመሪያው ፎቶግራፍ እስከ ሁለተኛው የት እንደ ደረሱ ተነጻጽሮ ይሰላል። በሴኮንድ አሥር ሺህኛ ጊዜ ውስጥ የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ የተጓዙ ቅንጣቶች በሴኮንድ 1 ሜትር ይጓዛሉ ማለት ነው። በዚህ ዓይነት በሺህ የሚቆጠሩ ቀስቶች ያሉበት የፍሰት ካርታ ይገኛል።

ለምን ይህን ያህል ድካም? ለሚለው መልስ የሚሆን አንድ እውነተኛ ታሪክ ላቅርብ። የሰው ልብ አራት ቫልቮች አሉት፤ ደምን ወደ ፊት የሚያሳልፉና ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጉ በሮች ናቸው። ሕፃናትን የሚይዝ አንድ ዓይነት የጉሮሮ ሕመም በጊዜው ሳይታከም ሲቀር እነዚህን ቫልቮች የሚያበላሽ በሽታ ያስከትላል፤ በአገራችንም ብዙ ወጣቶችን የሚያጠቃ በሽታ ነው። ቫልቩ ክፉኛ ከተበላሸ ሐኪሞች በቀዶ ሕክምና አውጥተው ሰው ሠራሽ ቫልቭ ይተኩበታል። ከእነዚህ መካከል የታወቀው ዓይነት በማጠፊያ ላይ የሚዞሩ ሁለት ትናንሽ መዝጊያዎች ያሉት ነው። ደም ግን እንደ ውኃ አይደለም። በኃይል ከተላጠ ቀያይ ሕዋሳቱ ይቀደዳሉ፤ በአንድ ጥግ ከቆመ ይረጋል። የረጋው ደም መዝጊያውን ሊያስር፥ ወይም ተገንጥሎ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሜድትሮኒክ ፓራለል የሚባል እንደዚህ ያለ ቫልቭ ተሠርቶ ለሙከራ በሕመምተኞች ልብ ውስጥ ተተከለ። በሰው ላይ ከመዋሉ በፊት የተለመዱትን ፈተናዎች ሁሉ አልፏል። ሆኖም በቫልቩ ላይ ደም የረጋባቸው ሕመምተኞች ቁጥር ከሚታገሡት በላይ ሆነ፤ ሙከራው ቆመ፤ ቫልቩም ቀረ። ደሙ የረጋው በመዝጊያዎቹ ማጠፊያ ዘንድ ነበር። በኋላ በአትላንታ ከተማ በጆርጂያ የቴክኖሎጂ ተቋም ያሉ ተመራማሪዎች የማጠፊያውን ቦታ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ አምሳያ ሠርተው፥ በዚያ ከሚሊሜትር ባነሰ ስርጓዳ ውስጥ ያለውን ፍሰት በሌዘር ለኩ። በውስጡም የሚሽከረከርና የሚዘገይ ፍሰት፥ ከአጠገቡም መዝጊያው ሲዘጋ በኃይል የሚያፈተልክ ፍሰት አገኙ። አንዱ ደምን ያስቆማል፤ ሌላው ይጎዳዋል። ሕመምተኛው ልብ ውስጥ የሆነውን ነገር ብርሃኑ በቤተ ሙከራ ገለጠው። በእርግጥ እዚህ ላይ ስሌት ተሳስቶ አልነበረም፤ ያን ትንሽ ጥግ አስቀድሞ የተመለከተው አልነበረም እንጂ። ልኬቱ ከሕመምተኞቹ በኋላ ሳይሆን በፊት መደረግ ነበረበት፤ ክርክሬም ይኸው ነው።

«ያ ጊዜ አልፏል፤ የዛሬው ኮምፒዩተር ያን ጥግ አይስተውም» የሚል ሰው ይኖራል። ለእርሱ ሌላ ምስክር አለኝ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፥ የሕክምና መሣሪያ ሠሪዎች የስሌት ውጤት እያቀረቡ ፈቃድ መጠየቃቸው እየበዛ በሄደ ጊዜ፥ ስሌቱ ምን ያህል እንደሚታመን ለማወቅ ፈተና አዘጋጀ። ፈተናው በጣም ቀላል የሚመስል ነበር። 12 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቧንቧ ቀስ በቀስ ጠቦ 4 ሚሊሜትር አንገት ይሆናል፤ ከዚያ በድንገት ወደ ቀድሞው ስፋቱ ይመለሳል። መዝጊያ የለውም፤ ማጠፊያ የለውም፤ የሚንቀሳቀስ ነገርም የለበትም። ሦስት ቤተ ሙከራዎች ፍሰቱን በሁለት ብልጭታ በሚሠራው የሌዘር ዘዴ ለኩ። ከዓለም ዙሪያ የተውጣጡ 28 የአስሊዎች ቡድኖች ደግሞ በየራሳቸው አሰሉ።

በ2012 የታተመው ውጤት ብዙዎችን ሳያስደነግጥ አልቀረም። ሁሉም አንድ ዓይነት ቧንቧ ተሰጥቷቸው ሳለ መልሳቸው እርስ በርሱ በጣም ተራራቀ። ልዩነቱ የጎላው ቧንቧው በድንገት ከሚሰፋበት ቦታ በኋላ ነበር፤ ከአንገቱ ተወርውሮ የሚወጣው ፍሰት ልክ እንደ ዕጣኑ ጢስ እስከ አንድ ቦታ ቀጥ ብሎ ይሄድና ከዚያ ይበተናል። የሚበተንበትን ቦታ በትክክል መተንበይ ከሚታሰበው በላይ ከባድ ሆነ። የሌዘሩ ልኬት ባይኖር ኖሮ ከ28ቱ ሥዕሎች መካከል የትኛው እንደሚታመን በምን ይታወቅ ነበር? ሁሉም ያማሩ ሥዕሎች ነበሩና።

በልኬት ላይ የሚሰነዘረውን ትችትም መሸሽ አይገባም። ሌዘር የሚለካው ቅንጣቱን እንጂ ፈሳሹን አይደለም ይባላል። እውነት ነው፤ ቅንጣቱ ከከበደ ወይም ከተለቀ ፍሰቱ ሲታጠፍ እርሱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ በውኃ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚበተነው 10 ማይክሮሜትር ያህል የሆነ፥ ክብደቱም ከውኃ ጋር የሚመጣጠን የመስታወት ወይም የፕላስቲክ ቅንጣት ነው። ይህ ጉድለት በጥንቃቄ የሚወገድ በመሆኑ ብዙ አያሳስበኝም።

የሚያሳስበኝ ሌላው ትችት ነው። ደም ብርሃን አያሳልፍም፤ ስለዚህ በቤተ ሙከራ በደም ፈንታ ከውኃና ከግሊሰሪን፥ አንዳንድ ጊዜም ከጨው ዓይነት የተቀመመ የጠራ ፈሳሽ ይገባል። በብርጭቆ ውኃ ውስጥ የቆመ ማንኪያ የተሰበረ እንደሚመስለው ሁሉ፥ ብርሃን ከፈሳሹ ወደ አምሳያው ግድግዳ ሲሻገር ይታጠፍና ልኬቱን ያዛባል። ፈሳሹ ብርሃንን የሚያጥፍበት መጠን ከአምሳያው ጋር እኩል እንዲሆን ተደርጎ ከተቀመመ ግን፥ አምሳያው በፈሳሹ ውስጥ ከዓይን ይሰወራል፤ ጨረሩም ሳይዛባ ያልፋል። ይህ እጅግ የሚደነቅ ጥበብ ነው። ይሁን እንጂ ያ ፈሳሽ አይረጋም፤ የሚቀደድ ሕዋስም የለውም። ስለዚህ በሌዘር የተለካ ቫልቭ ሁሉ ለሕመምተኛ ደኅና ነው ማለት አይቻልም። ልኬቱ የሚነግረን ፍሰቱ የት እንደሚዘገይና የት እንደሚቸኩል ነው፤ ደሙ በዚያ ምን እንደሚሆን የሚናገረው የሐኪሙ ዕውቀት ነው። አስሊው ግን የዚያኑ ፈሳሽ ጠባይ አስገብቶ ማስላት ይችላልና፥ ስሌትንና ልኬትን ለማፋጠጥ ይህ ጉድለት እንቅፋት አይሆንም።

የገንዘቡ ነገር ይቀራል። ለእንዲህ ያለው ሥራ የሚሆን ሌዘርና ካሜራ ውድ ነው፤ ጨረሩም ዓይንን ሊያሳውር ስለሚችል ልዩ ክፍልና የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት፥ እያንዳንዱም ዩኒቨርሲቲ ይግዛ ለማለት አልችልም፤ ይህን የሚል ሰው የኪሱን መጠን አያውቅም። ነገር ግን አንድ ጊዜ በጥንቃቄ የተለካ ፍሰት ለብዙዎች ይበቃል። የዚያ 4 ሚሊሜትር አንገት ያለው ቧንቧ ልኬት ማንም እንዲጠቀምበት ለሕዝብ ክፍት ተደርጓል። የቧንቧው ቅርፅ፥ የፈሳሹ ዝልግልግነት፥ በየቦታው የተለካው ፍጥነት ሁሉ ተመዝግቦ ይገኛል። አንድ ኮምፒዩተርና ትዕግሥት ያለው ተማሪ፥ በባሕር ዳርም ይሁን በጅማ፥ ፍሰቱን በራሱ አስልቶ ውጤቱን ከልኬቱ አጠገብ ሊያስቀምጠው ይችላል፤ ከአንገቱ የሚወጣው ፍሰት በእርሱ ሥዕል ላይ የት እንደ ተበተነ፥ በሌዘሩም ካርታ ላይ የት እንደ ተበተነ በማስመሪያ ለክቶ ያያል።